ልጆቻችንን ያሰደዳቸው ልብ ወለድ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ረጅም ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ መጽሐፍ ወዳጆች ስልክ ላይ ሲዞር ሰንብቷል። በቴሌግራም ተላከልኝ፤ በፌስቡክም ደጋግሜ አየሁት። የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ነው። ጓደኛሞች ተያይዘው ሥራ ፍለጋ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ይሠራሉ፣ ይንከራተታሉ፣ አደጋ ላይ ይወድቃሉ፣ አንዱ ሌላውን ያወጣዋል። እንዲህ ያሉ የጀብዱ መጻሕፍት ወሎን እየጎዱ ነው ይላሉ ጸሐፊው። ብዙ ሰው «እውነት ነው» ብሎ አጋርቶታል። እኔ አልተስማማሁም።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን በቅንነት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ መጻሕፍቱ ስደትን አሳምረው ወጣቱን ያስኮበልላሉ ይላሉ። ሁለተኛ፣ የሚያሳዩት ወዳጅነት ሐሰት ነው፤ በስደት ሁሉም ለራሱ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ጀብዱ ከፈረንጅ የተቀዳ እንጂ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጠባይ አይደለም ይላሉ። አራተኛ፣ ባለታሪኮቹ ሲሯሯጡ እንጂ ሲሠሩ አይታዩም ይላሉ። አምስተኛ፣ ወሎ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ቆንጆ ሴትና ዘፈን ብቻ ሆና ቀርታለች ይላሉ። በመጨረሻም መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይውጡ፣ ደራስያኑም ስለ አገር ቤት ይጻፉ ብለው ይመክራሉ።

ጽሑፉ ከክፋት የመጣ አይደለም። ልጅ የጠፋበት ቤት ገብቶ ያለቀሰ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ሐዘኑን እጋራለሁ። ተጠያቂው ላይ ግን አንስማማም።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከባዱም እሱ ነው። ጸሐፊው ልጆቻችን ልባቸው የሸፈተው በልብ ወለድ ነው ይላሉ። የወሎ ሰው ግን ከቀዬው መውጣት የጀመረው መጽሐፍ አንብቦ አይደለም። በ1966 ረሃቡ ሲበረታ ሰው የወጣው እግሩ ወደመራው ነበር። በ1977ም ያው ደገመ። ያኔ በሰፈራ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል በመኪና የተጫነው ገበሬ ልብ ወለድ አላሳሳተውም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል ጠበበ። ትምህርት የጨረሰ ልጅ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። ጎረቤት ቤት ላይ አዲስ ቆርቆሮ ተመታ። ቆርቆሮውን የገዛችው ጂዳ ያለችው የጎረቤት ልጅ ናት። እናት ያንን ቆርቆሮ በየቀኑ ታየዋለች፤ ልጅም ያየዋል። እዚያ ቤት ውስጥ የትኛው መጽሐፍ ነው የሚገባው?

ሌላም ነገር አለ። በ2006 መጀመሪያ ላይ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በሐሩር እስር ቤት የከረሙ፣ ያለ ሻንጣ የወረዱ፣ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የተጫኑ ነበሩባቸው። ብዙ የወሎ ቤት ያን ጊዜ ልጁን ተቀብሏል። ታዲያ ጉዞው ቆመ? አልቆመም። የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ በበረሃ ወደ ጅቡቲዋ የወደብ ከተማ ወደ ኦቦክ የሚወርደው መንገድ ነበር። ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር። ተመልሰው ሳይከርሙ እንደገና የወጡ ልጆች አሉ። መከራውን በገዛ ዓይናቸው ያዩ፣ እገዳም የተጣለባቸው ልጆች ካልቆሙ፣ የሚገፋቸው ነገር ከመጽሐፍ የሚበልጥ ነው ማለት ነው።

እስቲ ደግሞ ደላላው የሚለውንና ልብ ወለዱ የሚለውን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ደላላ ባሕሩን አይጠራም። መኪና አለ፣ ትንሽ ውሃ አለ፣ ከዚያ ሥራ አለ ብሎ ያልፋል። ቲክቶክ ላይ የምትታየው ልጅም የአሠሪዎቿን ሳሎን እንጂ የምትተኛበትን ጥግ አታሳይም። የጀብዱ ልብ ወለድ ግን ያለ አደጋ አይቆምም። አደጋውን ካወጡበት ታሪክ የለም። ጀልባው መናወጥ አለበት፤ ውሃ ጥሙ መምጣት አለበት፤ ከአራቱ ጓደኛሞች አንዱ መቅረት አለበት። ደላላ የሚደብቀውን ገጽ በገጽ የሚዘረዝር ጽሑፍ እንዴት የደላላ አጋዥ ይባላል?

ነሐሴ 2015 ላይ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን በዘገባ አውጥቷል። ዜናው ለጥቂት ቀናት ተወራ፣ ከዚያ ተረሳ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቁጥር ሆኖ ያልፋል። ደራሲ ግን ያንን ተራራ በአንድ ልጅ እግር ሊያስወጣን ይችላል። ልጁ ጫማው ተቀዶ፣ ጓደኛው ከፊቱ እየሄደ። እሱን ያነበበ ሰው ለወንድሙ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። መጨረሻቸው ያማረ ብቻ የሆኑ መጻሕፍት አሉ። ጀግናው ተንከራቶ ተንከራቶ በመጨረሻ ላንድክሩዘር ይዞ ቀዬው ይገባል፤ እናቱ እልል ትላለች፤ አለቀ። የቀሩት ጓደኞቹ ስማቸው እንኳ አይነሳም። ይህ መጥፎ ልብ ወለድ ነው፤ ሊወቀስም ይገባዋል። ግን የጥቂቶቹን ጥፋት ለእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ሁሉ ማከፋፈል ትክክል አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ እውነቱን ለመናገር ለመጻፍ ያስነሳኝ ይሄኛው ነው። በስደት ጓደኛ የለም፤ ሰው ሲቸግረው አብሮ አደጉን ይሸጣል፤ እነዚህ መጻሕፍት የሌለ ወዳጅነት ፈጥረው ያቀርባሉ ይላሉ። የሚሸጥ መኖሩን አልክድም። ደላላው ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ሰው አይደለም፤ ከዚያው ቀበሌ ነው፤ አንዳንዴም ዘመድ ነው። ኮሚሽን በልቶ አብሮ አደጉን አሳልፎ የሰጠ አለ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢመረር አልፈርድበትም።

ነገር ግን ይህ ግማሹ ነው። ሰኔ 2012ን እናስታውስ። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወድቆ፣ በላዩ ላይ ኮሮና ገብቶ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ ከነሻንጣቸው አስፋልት ዳር አደሩ። ያን ጊዜ ምግብና ማደሪያ ሲያፈላልጉላቸው ከነበሩት አንዱ «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበር ነው። ያቋቋሙት ባለሀብቶች አይደሉም፤ ራሳቸው በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሠሩ ኢትዮጵያውያት ናቸው። «ሁሉም ለራሱ» ከሆነ ይህ ማኅበር ከየት መጣ?

ደሴ ውስጥ አንዲት ከስደት የተመለሰች ሴት ያሳየችኝን ነገር ላንሳ። ስትሄድ ለብሳው የነበረ ሻርፕ ነው፤ እስካሁን አስቀምጣዋለች። ጠርዙ በእጅ ተሰፍቷል። ስፌቱን በጥፍሯ ፈታ አደረገችውና ከውስጡ የተጣጠፈ ቁራጭ ጨርቅ አወጣች። ጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ስልክ ቁጥሮች አሉ፤ ቀለሙ በላብ ፈዟል። የቤተሰቦቿ ቁጥር ግን የለም። ያለው አብረዋት የወጡት ጓደኞቿ እናቶች ቁጥር ነው። የእሷን እናት ቁጥር ደግሞ እነሱ ሰፍተውት ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እኔ ብሞት የምደውለው እኔ አይደለሁማ» አለችኝ። የራሷን እናት ቁጥርማ በቃሏ ታውቀዋለች።

ይህንን ማን አስተማራቸው? ያደጉበት ቤት ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ይነሳል። ማን ድንኳን ይተክላል፣ ማን እንጨት ያመጣል፣ ማን ለመርዶ ይሄዳል የሚባለው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ይደርሳል። እነዚያ ልጆች ቅሬውን ሻርፕ ውስጥ ሰፍተው ይዘውት ሄዱ። ባሕር ተሻግረውም እቁብ ይጥላሉ፤ የታመመችውን ያሳክማሉ፤ አስከሬን ለመላክ ገንዘብ ያዋጣሉ። ስለዚህ ደራሲው አራት ጓደኛሞችን ሲጽፍ የሌለ ነገር አልፈጠረም። ጥሩ ደራሲ ከሆነ ደግሞ ከአራቱ አንዱ የሚከዳበትንም ይጽፋል። ክህደት የሚያመው እኮ ወዳጅነት ስለነበረ ነው። ጸሐፊው ወዳጅነቱን ከታሪኩ ካወጡት፣ ያስቆጣቸው ክህደትም ትርጉም ያጣል።

ሦስተኛው ክስ፣ ጀብዱ የእኛ አይደለም የሚለው፣ በመጽሐፍ ታሪክ ፊት አይቆምም። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነው። በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው፤ ደራሲው ራሱ በሰው አገር የሚኖር ሰው ነበር። ታሪኩስ ምንድን ነው? ዋሕድ የሚባል ወጣት አባቱን ከምርኮ ያስፈታውን ደግ ነጋዴ ፍለጋ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትነሳለች። መንገድ አለ፣ መሸጥ አለ፣ ማንነትን ደብቆ መጓዝ አለ፣ የጠፋን ወገን መፈለግ አለ። ጸሐፊው «ከፈረንጅ የተቀዳ» ያሉት ነገር ሁሉ የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ አብሮት ነበረ።

ከዚያ በኋላም አልተቋረጠም። በ1925 የወጣው የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ የሚባለው ባለታሪክ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካርና በሠርግ ነገር ይጋጫል። በ1941 የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»ም ባለታሪኩን ፈረንሳይ ያደርሰዋል። ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። አወቀም አርአያም የሄዱት ሊማሩ ነው። ተመልሰው አገር ሊያቀኑ ነው። የዛሬዎቹ ባለታሪኮች የሚሄዱት ሊሠሩ ነው፤ ልብስ ሊያጥቡ፣ በግ ሊጠብቁ፣ ሲሚንቶ ሊሸከሙ። አይሮፕላን ጣቢያ ላይ የሚሸኛቸው ሹም የለም። ለእኔ እነዚህ ልብ ወለዶች ያመጡት አዲስ ነገር ይሄ ነው፤ የገበሬዋን ልጅ የታሪክ ባለቤት አድርገዋታል። ጸሐፊው የተቆጩበት ነገር እኔ የምኮራበት ነው።

ከመጽሐፍ ውጭም ብንሄድ ወሎ የመንገድ አገር ናት። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው ሰው የሚገናኘው በግመልና በእግር ተጉዞ ነው። ድሮ ነጋዴ ወደ ቆላ ሲወርድ ብቻውን አይወርድም፤ ቅፍለት፣ ማለትም ተያይዞ የሚሄድ የነጋዴ ጓድ፣ ጠብቆ ነው። ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ናቸው፤ ሁለቱም የወሎ ቦታ ስሞች። በእነሱ የሚዘፈነውን የሰማ ሰው የመለየትና የመንገድ ነገር ከየትም አልተቀዳም ይላል። አንድ ነገር ብቻ ልቀበል። አንዳንዶቹ መጻሕፍት ውስጥ ያለው የሽጉጥና የመኪና ማሳደድ በግልጽ ከፊልም የመጣ ነው። ጂዛን በረሃ ላይ ፍየል የሚጠብቅ የደላንታ ልጅ ከሄሊኮፕተር አያመልጥም።

ይህ ወደ አራተኛው ያመጣናል። ባለታሪኮቹ ሲሠሩ አይታዩም ላሉት ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከጽሑፋቸው ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። ብዙ መጻሕፍት ውስጥ ልጅቷ «የቤት ሠራተኛ ሆነች» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፍና ቀጥሎ ማምለጥ ይመጣል። በመካከል ያለው ሁለት ዓመት የት ገባ? ኮንትራቱ እኮ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው።

ግን ከዚህ ተነስተው የሚደርሱበት መደምደሚያ አይመጣም። ሥራው ስላልተጻፈ መጻሕፍቱ ይቅሩ አይባልም፤ ሥራው ይጻፍ ነው የሚባለው። ሥራውና ጀብዱው ደግሞ አንድ ናቸው። ከተመለሱ ሴቶች አፍ የሰማሁትን ገጣጥሜ አንድ ሌሊት ላሳይ።

ረመዳን ነው፣ ጂዳ። ቤተሰቡ ሌሊት ነቅቶ ቀን ይተኛል። ልጅቷ የወረባቦ ልጅ ናት፤ እሷም ጾመኛ ናት። ከዐስር ሰላት በኋላ ሳምቡሳ መጠቅለል ትጀምራለች። ሊጡ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፤ ቴምሩ ሳህን ላይ ይደረደራል። አዛን ሲል ቤተሰቡ ተቀምጦ ያፈጥራል። እሷ ወጥ ቤት ቆማ በውሃና በቴምር ታፈጥራለች፤ ወዲያው ትጠራለች። እንግዳ ይመጣል። ቡና፣ ሻይ፣ ጣፋጭ። የእንግዳው ዕቃ ታጥቦ ሳያልቅ የሱሁር ምግብ ይደርሳል። ከሱብሂ በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል እሷ ሳሎኑን ትጠርጋለች፣ ለነገ የሚለበሰውን ነጭ ቀሚስ ትተኩሳለች። ጋደም ስትል እናቷ ከወሎ በኢሞ ትደውላለች። «አፈጠርሽ ወይ ልጄ?» «አዎ እማ፣ ጠግቤ።» ልጆቹ ረፋድ ላይ ይነሳሉ፤ እነሱ ሲነሱ እሷም ተነሽ ነው። ይህ ወሩን ሙሉ ይቀጥላል።

አሁን ጓደኛዋን እናስገባ። ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ የምትሠራ የአገሯ ልጅ አለች። የሚገናኙት ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ብቻ ነው። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው ሁሉ ነገር የሚሆነው። ማን ደመወዝ እንደተከለከለ፣ የማን ፓስፖርት በየትኛው መሳቢያ እንደተቆለፈ፣ ማን ታማ እንደተኛች። አንዷ ሦስት ቀን ካልወረደች ሌላዋ ማሰብ ትጀምራለች። ለማን ትንገር? ከቤት ያለ ፈቃድ ብትወጣና አሠሪዋ «ጠፍታለች» ብሎ ካመለከተ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ዋጋ ያጣል፤ ፖሊስም ይፈልጋታል። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ የታሰረው በአሠሪዋ ላይ ነው። ስለዚህ ጓደኛዋን ለማየት ሁለት ሕንፃ መሻገር ራሱ ጀብዱ ነው። ሽጉጥ አያስፈልገውም። ይህንን የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ እኔና ጸሐፊው እኩል የምናጨበጭብለት ይመስለኛል።

አምስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ወሎ በእነዚህ መጻሕፍት ቆንጆ ሴትና ዘፈን ሆናለች ላሉት፣ አዎ፣ አብዛኞቹ ላይ እውነት ነው። ባለታሪኳ ገና ሳትናገር ዓይኗና ጸጉሯ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ይሰለቻል። ግን ይህ የስደት ልብ ወለድ ብቻ በሽታ አይደለም፤ ዘፈኑም፣ ፊልሙም፣ የሠርግ ቪዲዮውም እንዲሁ ነው የሚያደርገን። መድኃኒቱ ደግሞ የወሎን ሰው በትክክል መጻፍ ነው፤ ለዚህም ከስደት የበለጠ አጋጣሚ የለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ለሳዑዲ ቪዛ ሲሉ በፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም ያስገቡ ክርስቲያን ልጆች አሉ። ሌላ ቦታ ይህ ማንነትን መካድ ብቻ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ወሎ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ልጅቷ አጎቷ ሙስሊም፣ አያቷ ሼህ፣ እናቷ ማርያምን የምትዘክር ልትሆን ትችላለች። የተዋሰችው ስም የአክስቷ ሊሆን ይችላል። ሰላት እንዴት እንደሚሰገድ የምታሳያት አብራት የሄደችው ሙስሊም ጓደኛዋ ናት፤ የፋሲካ ለት ደግሞ ያቺው ጓደኛዋ ደውላ «እንኳን አደረሰሽ» ትላታለች፣ በእውነተኛ ስሟ ጠርታ። ይህንን ታሪክ ከወሎ ልጅ በቀር ማን በቅጡ ይጽፈዋል? ለመጻፍ ደግሞ ልጅቷ መጀመሪያ ከአገር መውጣት አለባት።

ስለ አገር ቤት ይጻፉ የሚለውም ምክር እዚሁ ጋ መልስ ያገኛል። የዛሬው የወሎ አገር ቤት ግማሹ ስልክ ውስጥ ነው። ሙሽራዋ የለበሰችው ልብስ ከዱባይ የተላከ ነው። የታናሽ ወንድም የኮሌጅ ክፍያ በሐዋላ የመጣ ነው። አባት በሬ ይግዛ ወይስ ባጃጅ የሚለውን የሚወስነው ሪያድ ያለችው ልጅ ናት፤ ከአሥር ዓመት በፊት ግን በቤቱ ጉዳይ አፏን አታስገባም ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ ስለ አገር ቤት የሚጻፍ ልብ ወለድ የድሮውን አገር ቤት ነው የሚጽፈው።

የቀረው ከቤተ መጻሕፍት ይውጡ የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ካጋሩት ውስጥ መምህራን አሉበት። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የሚሄደው ሠራተኛ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እኔ እንደሚገባኝ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማንበብ የሚችል ሰው ውሉን ያነባል፣ መብቱን ይጠይቃል። ታዲያ ሕጉ ራሱ ማንበብን ለስደተኛ ጥበቃ ካደረገው፣ እኛ ስለዚያው ስደት የተጻፈውን መጽሐፍ ከልጁ እጅ የምንነጥቀው በምን ሒሳብ ነው? የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስለ ጂዳ ከአንድ ቦታ መስማቱ አይቀርም። ከመጽሐፍ ካልሰማ መናኸሪያ ላይ ከሚጠብቀው ሰው ይሰማል። መጽሐፉ ደካማ ከሆነ መምህሩ ክፍል ውስጥ ይተቸው፤ «ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ከስደት የተመለሰች የሰፈር ሴት ጋብዞ የቱ ጋ እንደተዋሸ ታሳያቸው። መጽሐፉ ከመደርደሪያ ከወጣ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም።

በመጨረሻ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ያን ያህል ገጽ ሲጽፉ የአንድም መጽሐፍ ስም አልጠቀሱም። እኔም እሳቸው ስላላነሱ የማንንም የዛሬ ደራሲ ስም አላነሳሁም፤ የመለስኩት ለጠቅላላው ክስ ነው። አንድ መጽሐፍ ይምረጡ። ስደትን ያሳምራል የሚሉትን ገጽ ይጥቀሱ። እኔም ያንኑ መጽሐፍ አንብቤ፣ ልክ ከሆኑ «ልክ ነዎት» ብዬ እዚሁ እጽፋለሁ። ካልሆኑ ደግሞ ከዚያው ገጽ አጠገብ ያለውን፣ ጀልባው ላይ የሚሆነውን እጠቅሳለሁ።